የዙምረታ ሁለት ድንጋዮች

ዙምረታ ማክሲሞቪች በሞተች በሠላሳ ዓመቷ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስሟ በሁለት ድንጋይ ላይ ተቀረጸ። አንደኛው ድንጋይ ከወንዙ በስተቀኝ፣ ሙስሊሞቹ በሚኖሩበት ሰፈር መናፈሻ ውስጥ ቆመ፤ ሰርቦች የገደሏት ይላል። ሁለተኛው ከወንዙ በስተግራ፣ ከሰርቦቹ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ቆመ፤ ሙስሊሞች የገደሏት ይላል። የሞተችው ግን አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ የሞርታር ጥይት ነው።

ይህ እንዴት ይሆናል ለሚል፣ ዶኛ ሬካ በምትባለው በዚህች ከተማ ውስጥ ምንም ችግር የለውም። ዙምረታ የሚለው ስም የሙስሊም ነው። ማክሲሞቪች የሚለው የባሏ ስም ደግሞ የሰርብ ነው። የፊተኛውን ያነበቡት «የኛ ናት» አሉ፤ የኋለኛውን ያነበቡትም «የኛ ናት» አሉ። በሕይወት ሳለች ሁለቱም ወገን «የነሱ ናት» ነበር የሚላት። አለመታደል ነው እንጂ፣ ያኔ ከሁለት አንዱ ቢወስዳት ምን ነበረበት።

ባሏ ኦስቶያ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። ዕድሜውን የጨረሰው በከተማዋ ውሃ መሥሪያ ቤት ቧንቧ ሲዘረጋና ሲጠግን ነው። ሰርብ ሆኖ በሙስሊሞቹ በኩል፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻውን ይኖራል። በጦርነቱ ጊዜም ከዚያው ቤት ንቅንቅ አላለም። በዚህም ከወንዙ ግራ ያሉት ሰርቦች ከሃዲ፣ ከቀኝ ያሉት ሙስሊሞች ሰላይ ሲሉት ኖረው፣ ሲያረጅ ሁለቱም ተዉት። አሁን ደረጃ ላይ ሲያገኙት ሰላምታ ይሰጡታል፤ ከሰላምታ አልፎ ግን በሩን የሚያንኳኳ የለም። የሚያወራው በስልክ ነው፤ በየእሁዱ ከውጭ አገር፣ ከማልሞ፣ ከምትደውል ልጁ ከቬድራና ጋር።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በጦርነቱ ሁለተኛ ክረምት ከተማዋ ተከባ፣ ውሃ ተቋርጦ፣ ሰው ሁሉ ከአንድ ቧንቧ ተሰልፎ ይቀዳ ነበር። ቧንቧውን ከምንጩ ስቦ ያመጣው ራሱ ኦስቶያ ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው። በአንድ ቀትር ሰልፉ ላይ ጥይት ወደቀና አሥራ አንድ ሰው ሞተ፤ አንዷ ዙምረታ ነበረች። በማግስቱ የሙስሊሞቹ ሬዲዮ «ከኮረብታው ላይ ሰርቦቹ ተኮሱት» አለ። የሰርቦቹ ሬዲዮ ደግሞ «የውጭ ሰው እንዲያዝንላቸው የራሳቸውን ሰው ራሳቸው መቱት» አለ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ቃላቸውን አልለወጡም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እዚህ አገር ግን ያደረ ነገር ሁሉ ይደፈርሳል።

ኦስቶያ ሚስቱን በክንዱ ታቅፎ አራት ፎቅ ሲወጣ ሰው አይቶታል። ስለዚህ ሁሉም ሰው እዚያ የነበረ፣ ሁሉን ያየ መሰለው። እሱም አልነበርኩም ብሎ አያውቅም። ዝም አለ። ዝምታውን ቀኞቹ «ወገኖቹ አሳፍረውት ነው» ሲሉ ተረጎሙት፤ ግራዎቹ «እነዚያን ፈርቶ ነው» ሲሉ ተረጎሙት። ሁለቱም ልባቸው ሞልቶ ምስክራችን ይሉታል።

እውነቱን ግን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ውሃ የሚቀዱት በተራ ነበር፤ አንድ ቀን እሷ፣ አንድ ቀን እሱ። የዚያ ቀን ተራ የእሱ ነበር። እሱ ግን ሬዲዮውን ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኝቶ የእኩለ ቀኑን ዜና ይሰማ ነበር። መጀመሪያ የአንዱን ወገን፣ ቀጥሎ የሌላውን፣ ከዚያ ደግሞ መንግሥት እያቆመ እያፈረሰ ከራሱ ጋር ይከራከራል። ያን ቀን ጦርነቱን ማን እንደጀመረ የሚተነትን ሰው ቀርቦ ነበር። «ይለቅና እሄዳለሁ» አላት። ዙምረታ «ዜናው ውሃ አያጠጣህም» አለችና ጀሪካኖቹን አንጠልጥላ ወጣች። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

ቬድራና ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ባሕር ዳርቻ አክስቷ ጋ ልከዋታል። በኋላ ስትጠይቀው «ተራዋ ነበር፣ ሄደች» አላት። ሁለት ቃል ውሸት ነው፤ ልጅቷ ግን ኑሮዋን በዚያ ላይ ሠራችው። ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። በበዓል ቀን፣ ልጆቿ ታመው፣ ሌላ ሰው ሊተካት ሲፈልግ እንኳ፣ «ተራዬን አላሳልፍም፤ የእናቴ ልጅ ነኝ» ትላለች። ይህን በስልክ በነገረችው ቁጥር ኦስቶያ «ጎበዝ» ይላታል፤ ከዚያ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም።

ድንጋዮቹ የሚመረቁት እሁድ ነው፤ ሁለቱም በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት። ኦስቶያ ሰኞ ጠዋት ኮቱን ለብሶ ሰናድ ጋ ሄደ። ሰናድ የቀኞቹን ድንጋይ ያስቆመው ማኅበር ሊቀመንበር ነው፤ ልጅ ሳለ ሦስተኛ ፎቅ ነበር የሚኖረው።

«ጎረቤት ኦስቶያ! ይግቡ፣ ይግቡ። እንዴት ነው ጉልበትዎ?»

«ጉልበቴን ተወው። የዙምረታን ስም ከድንጋዩ ላይ አንሱልኝ።»

ሰናድ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ምን አጠፋን?»

«ስሟ ሥር ገዳይ ጽፋችኋል። እኔ ገዳይዋን አላውቅም።»

«እርስዎ ካላወቁ ማን ሊያውቅ ነው? እዚያው ነበሩ እኮ! እኔ በመስኮት አይቼዎታለሁ፣ ደም በደም ሆነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የወንድምዎን ልጅ ፈርተው ከሆነ ይንገሩን። እሁድ ይምጡና አንዲት ቃል ብቻ ይናገሩ። ‹ከኮረብታው መጣ› ይበሉ። ከዚያ ስሟን ቢፈልጉ በወርቅ እንጽፈዋለን።»

«በወርቅ? ቀለበቷን በዱቄት ስትለውጥ የት ነበራችሁ?» አለና ወጣ።

ድልድዩን ተሻግሮ የወንድሙ ልጅ ሚሌንኮ ጋ ሄደ። ሚሌንኮ የግራዎቹን ድንጋይ ያስቆመው ነው። በር ላይ አቅፎት፣ የፕለም አረቄ ቀዳለት።

«አጎቴ! ጸጉርህ ከሸበተም በኋላ ቢሆን ወደ ወገንህ መጣህ።»

«ለመምጣት አይደለም። የሚስቴን ስም አንሣ።»

«ምን ማለትህ ነው? እነሱ ራሳቸው እንደመቷት ሁሉም ሰው ያውቃል።»

«ሁሉም ሰው ማን ነው?»

«ቴሌቪዥኑ በየዓመቱ ያሳየው የለም እንዴ!»

«ስማ ሚሌንኮ፣ አባትህ ሙስሊም ስለሆነች ‹የቱርክ ልጅ አገባህ› ብሎ ሠርጌ ላይ አልመጣም። እስክትሞት ድረስ ደጃችሁን አልረገጠችም።»

«አባቴ የዘመኑ ሰው ነው፣ ነፍሱን ይማር። አሁን ግን ሰማዕታችን ናት።»

«ሰማዕት ሆና አታውቅም። የጫማ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች።»

ሚሌንኮ አረቄውን ጨለጠ። «የተቀረጸ ድንጋይ ዝም ብሎ አይነሣም፣ አጎቴ። ከፈለግህ እሁድ ናና ያየኸውን ተናገር። ‹ከወዲያ ማዶ ከራሳቸው ሰፈር ተተኮሰ› በል። አንተ ካልክ ዓለም ያምናል።»

ኦስቶያ ሲመለስ ድልድዩ መሐል ላይ ቆመ። ከሁለቱም በኩል የሚፈልጉት ስሟን ሳይሆን አፉን ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ድንጋይ ደግሞ ከሁለቱም የባሰ ነው። ከዚህ የሚያወጣው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «እዚያ አልነበርኩም» የሚል። ያን ካለ ግን «የት ነበርክ?» ይሉታል። «ቤት» ካለ «ለምን?» ይሉታል። በዚህ ከተማ የተነገረ ነገር ደግሞ ማታውኑ ማልሞ ይገባል። ዝም ካለ ዙምረታ በሁለት ውሸት ሥር ትቀራለች፤ ከተናገረ የቀረችውን አንዲት ሰው ያጣል። ሦስት ቀን ምግብ አልበላ አለው። የገዛው ቡሬክ፣ ሥጋ ያለበት ቂጣ፣ በወረቀቱ እንደተጠቀለለ ደረቀ።

ሐሙስ ዕለት ኦስቶያ ወደ ቫሂድ ማተሚያ ቤት ገባ። ቫሂድ የሞት ማስታወቂያ ያትማል። ዶኛ ሬካ ውስጥ ሰው ሲሞት፣ ሙት ዓመቱም ሲደርስ፣ ስሙና ፎቶው ያለበት ወረቀት በየዛፉ፣ በዳቦ ቤቱ በር፣ በአውቶቡስ ማቆሚያው ይለጠፋል። ለሙስሊም ጠርዙ አረንጓዴ ነው፣ ለክርስቲያን ጥቁር። ሰው ቀለሙን ከሩቅ ያይና ምን ያህል ማዘን እንዳለበት ይወስናል። ኦስቶያ ለዙምረታ አንድም ዓመት አስለጥፎ አያውቅም ነበር።

«አረንጓዴ ነው ጥቁር?» አለ ቫሂድ ቀና ሳይል።

«ጠርዝ የለውም።»

«ጠርዝ የሌለው ሟች አይቼ አላውቅም፣ ጎረቤት። መንገደኛው ከሩቅ አይቶ ምን ይበል?»

«ቀርቦ ያንብብ።»

ቫሂድ ኦስቶያ በእጁ የጻፈውን ተቀብሎ አነበበ። እንደገና አነበበ። እንዲህ ይል ነበር፦

«ዙምረታ ማክሲሞቪች ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ሞተች። እኔ እዚያ አልነበርኩም። ጥይቱ ከየት እንደመጣ አላየሁም፤ የማውቀው ተራው የእኔ እንደነበር ነው። እኔ ቤቴ ተቀምጬ ጦርነቱን ማን እንደጀመረ በሬዲዮ እሰማ ነበር። ለድንጋያችሁ ምስክር አትጥሩኝ። ባሏ ኦስቶያ።»

ቫሂድ መነጽሩን አወለቀ። የሁለቱንም ወገን ሬሳ ሲያትም የኖረ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው፤ አሁን ግን ቀልዱ አለቀበት።

«ይህን ብትለጥፍ የሚያመሰግንህ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ልጅህስ?»

ኦስቶያ ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረው። «አትም» አለ።

ቅዳሜ ማለዳ ሙጫውንና ብሩሹን ይዞ ራሱ ለጠፈ፤ ሃያውን በቀኝ፣ ሃያውን በግራ። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሁለት ሴቶች ቆመው አነበቡ። እሱ ከኋላቸው መቆሙን አላዩም።

«ምስኪን፣ ዘመዶቹ አስፈራርተው አስጽፈውት ነው» አለች አንዷ።

«ጠርዙንስ ምነው ረሳው?» አለች ሁለተኛዋ። «እርጅና ክፉ ነው።»

ወንዙን ሲሻገር እዚያም ወረቀቱ ፊት ሰው ተሰብስቧል። «ሙስሊሞቹ እጁን ጠምዝዘውት ነው» ይላል አንዱ። «ታዲያ ምን ያድርግ፣ በአፋቸው ውስጥ ተቀምጦ» ይላል ሌላው። «ተራው የእኔ ነበር» የምትለዋን ቃል ግን ያነሣ የለም። ሠላሳ ዓመት ሆዱን ስትበላው የኖረችውን ቃል አውጥቶ ዛፍ ላይ ሰቀላት፤ ሰዎቹ ገዳይ ፈልገው አጡባትና ዘለሏት። ኦስቶያ ይሰድቡኛል ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር። ቢሰድቡት በተሻለው።

እስከ ማታ ወረቀቶቹ ከሁለቱም በኩል ተቀደው አለቁ። ከጦርነቱ ወዲህ ሁለቱ ማዶዎች ተስማምተው የሠሩት የመጀመሪያው ሥራ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

እሁድ ቀትር ላይ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ከቀኝ ድምፅ ማጉያው ስሞች መጥራት ጀመረ፤ ከግራም ሌላኛው ጀመረ። ሁለቱም እሷ ላይ ሲደርሱ ስሟን ጠሩት። የዚህኛው ሳይጨርስ የዚያኛው ደረሰበት። ኦስቶያ ገብቶ በረንዳውን ዘጋ፣ መጋረጃውንም ሳበ። ድንጋዮቹ ባሉበት ቆሙ። አሁን የቀረው ስልኩ ብቻ ነው፤ እሱም ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቬድራና ሁልጊዜ የምትደውልበት ሰዓት አለፈ። ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ጠራ።

«አባዬ።»

«አቤት ልጄ።»

«ወረቀቱን ፎቶ አንሥተው ላኩልኝ።» ድምጿ የሚጠነቀቅ ሰው ድምፅ ነበር፤ ሕመምተኛ ስታናግር እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። «ማን ነው ያስጻፈህ? ሰናድ ነው?»

«አይደለም።»

«ሚሌንኮ ነዋ። ንገረኝ፣ አትፍራ። ያ ባለጌ ምን ብሎ አስፈራራህ? ነገውኑ አውሮፕላን ይዤ እመጣለሁ።»

ኦስቶያ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። ልጁ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታለታለች። «አዎ፣ ሚሌንኮ ነው» ቢል ነገ እዚህ ቤት ናት። ሰባት ዓመት አላያትም። ሰናድ ቢልም ያው ናት። የትኛውንም ስም ቢጠራ ታምነዋለች፤ ሁለቱም ወገን እኮ ይህንኑ ነው የሚለው። ስሙ ከከንፈሩ ደርሶ ነበር።

«ማንም አላስጻፈኝም» አለ። «ተራው የእኔ ነበር።»

ኦስቶያ ይቅርታ ሊል ፈለገ፤ ለሠላሳ ዓመት ይቅርታ በምን እንደሚጀመር ግን አላወቀም።

«ምን ይል ነበር?» አለች ቬድራና በመጨረሻ።

«ማ?»

«ዜናው። እሷን ልከህ የሰማኸው። ማን ጀመረው አለ?»

ኦስቶያ ዓይኑን ጨፈነ። ክፍሉ ታየው፤ ባትሪው፣ ሽቦው፣ በሩ ሲዘጋ የተሰማው ድምፅ። የተንታኙን ቃል ግን ቢፈልግ፣ ቢፈልግ፣ አንዲት እንኳ አጣ።

«አላስታውስም ልጄ» አለ።

ቬድራና ስልኩን ዘጋችው።