የአንለይ ቀይ ጨርቅ

አምሳል ያን ብርቱካንማ ሰደርያ ባየችው ቁጥር እርር ድብን ትላለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በነርስነት የለፋችው እሷ፣ ሰደርያውን ያጠለቀችው ግን ትናንት የመጣችው ሉሊት! ባሕር ዳር ሦስት ቀን ሠልጥና ተመለሰችና፣ አደጋ ሲደርስ ቁስለኛ የምትለየው እሷ ናት ተባለ። ይኼ እንዴት ይዋጣል?

አደጋውም አልቆየም። ከዋንዛዬ ፍል ውሃ የሚመለሱ ሰዎችን የጫነ መኪና ወረታ መግቢያ ላይ ተገለበጠና፣ ሃያ ስድስት ቁስለኛ በባጃጅና በጋሪ እየመጣ የሆስፒታሉን ግቢ ሞላው። ሉሊት እየዞረች ክንዳቸው ላይ ጨርቅ ታስር ጀመር። ቀይ የታሰረለት ቶሎ ይገባል፣ ቢጫው ይከተላል፣ አረንጓዴው ይጠብቃል። ሐኪሙ ጨርቁን ብቻ እያየ ያስገባል። አምሳል የአረንጓዴዎቹን ቁስል እንድታጥብ ታዘዘች። እሷ እኮ ናት! ጥርሷን ነክሳ ማጠቡን ያዘች።

ከአረንጓዴዎቹ መሀል አንለይ የሚባል የሩዝ ገበሬ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ደም አይታይበትም፤ ነገር ግን ከንፈሩ ነጥቷል፣ ቀዝቃዛ ላብ አጥምቆታል፣ ሆዱን በሁለት እጁ አቅፏል። አምሳል አንዴ አይታው ገባት፤ ሰውየው ውስጥ ውስጡን እየደማ ነው።

ደስ አላት። አዎ፣ ደስ አላት፤ ምን ይደበቃል? ሥልጠናሽ ይኸው ነው ወይ አለች በሆዷ። ዝም ልበል፣ ሐኪሙ ራሱ ይድረስበት፣ ያኔ ሰደርያው ለማን እንደሚገባ ይታያል። አልፋው የአንዲት ሴት ክንድ አጠበች። የሌላውን ጉልበት አጠበች። ሦስተኛው ሰው ላይ ስትደርስ የአንለይ አንገት ዘመም አለ።

አላስቻላትም፤ ሮጠች። ጨርቁን ብታየው እንደ በሬ ገመድ ተቋጥሯል፤ የሉሊት አስተሳሰር አይደለም። ማን አሰረልህ ብላ ጠየቀችው።

«እኔው ነኝ» አለ አንለይ ድምፁ እየሰለለ። «ቀዩን ለየኔታ ሰጥቼ የሳቸውን አሰርሁ። እሳቸው እያሉ እኔ ልቅደም?»

የኔታ ገብረማርያም ወለም ያለ እጃቸውን ይዘው፣ ቀዩን አስረው፣ ፊት ለፊት በሩ ሥር ተራ ይጠብቃሉ። ጨርቁ ምን እንደሆነ የነገራቸው የለም። አምሳል ቃሬዛ አስመጥታ አንለይን አስገባች።

ማታ ሐኪሙ ለጥቂት ተረፈ ብሎ ወጣ። ሉሊት እንባዋ እየወረደ፣ ጨርቁ ሲቀያየር አላየሁም፤ ሲስተር አምሳል ባያዩት ኖሮ ሰውየው በእጄ ይሞት ነበር ብላ ሰደርያውን አውልቃ ለአምሳል አለበሰቻት። ሁሉም አጨበጨበ። ይኸው፣ ስትመኘው የኖረችው!

የኔታ እጃቸው ታሽቶ ሲወጡ አጠገቧ ቆም አሉ።

«ልጄ» አሏት ቀስ ብለው፣ «ቅድም መጀመሪያ አይተሽው አልፈሽው አልነበር?»

አምሳል የቁስል ማጠቢያዋን አንስታ ወደቀሩት አረንጓዴዎች ሄደች። ሰደርያውን ግን አላወለቀችውም።