ዳማው የቆመበት መታጠፊያ

የውድድሩ ወቅት ያለቀው እንደ ተጀመረው ነው፤ ፈረሴ ዳማው መታጠፊያው ላይ ቆመ።

ከመነሻው ማንም አልቀደመውም። ሌሎቹን አቧራ እያበላ እስከ መጨረሻው መታጠፊያ መጣ። እዚያ ሲደርስ ጆሮውን ቀስሮ፣ አንገቱን ወደ አጥሩ አዞረና ግልቢያውን ወደ ሶምሶማ፣ ሶምሶማውን ወደ እርምጃ አወረደው። ጋላቢው በአለንጋ ቢለው፣ በተረከዙ ቢጎስመው፣ ወይ ፍንክች። የኋላዎቹ ሁሉ አለፉት። ዓመቱን ሙሉ እንዲሁ ነበር፤ ሌሎች ፈረሶች አንድ ቀን ይቀናቸዋል፣ አንድ ቀን ይከፋባቸዋል፣ የእኔ ግን አንድ ዓይነት ነው።

«ፈረስህ አስተዳደጉ ጥሩ ነው» አለኝ ጋላቢው ወርዶ ልጓሙን እጄ ላይ እየወረወረ። «ሰው ሳያሳልፍ አይገባም።»

አጠገባችን የቆሙት ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ? በራስ ላይ መሳቅ ከልጅነቴ የለመድኩት ሥራ ነው።

የባለፈረሶች ቦታ ጥላ አለው፣ ወንበርም አለው። እኔ እዚያ ተቀምጬ አላውቅም። የመጀመሪያው ውድድር ዕለት ልገባ ስል በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ ከእግር እስከ ራሴ አይቶኝ «ጋጣ ጠራጊዎች በዚያ በኩል» አለ። ባለቤቱ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ወደ ጠቆመኝ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ የምቆመው መታጠፊያው ላይ፣ አጥሩን ተደግፌ፣ የሁሉም ፈረስ አቧራ የሚራገፍበት ቦታ ነው። አፌን በእጅጌዬ ሸፍኜ እየሳልኩ አያለሁ።

አጥሩ ሥር አራት ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ። የአባቴ ወንበር እግሮች የቆፈሯቸው ናቸው። በመጨረሻው ዓመቱ ጉልበቱ ሲከዳው እህቴ ጠዋት ጠዋት ወንበር ተሸክማ ወስዳ እዚያ ታስቀምጠው ነበር፤ ዳማውንም ያሠለጠነው እዚያው ተቀምጦ ነው። ከሞተ ወዲህ ዝናብ መጥቶ ሄደ፣ ሣሩ ዙሪያውን ለበሰ፣ አራቱ ጉድጓዶች ግን አልደፈኑም። ዳማው ሲቆም ወደዚያ ነው የሚያየው። ጉድጓዶቹን ብቻ ቢያይ ደግ ነበር። ዓይኑ የሚያርፈው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ የተቀመጠ ሰው ፊት ሊሆን በሚችልበት ላይ ነው።

እኔ እዚያው አጠገቡ ቆሜአለሁ። እኔን አያየኝም። ይህስ አዲስ አይደለም።

አባቴ ታላቅ ወንድሜን እስከ መጨረሻው አስተማረው። እኔን ከስድስተኛ ክፍል አስወጥቶ አካፋ አስያዘኝ። ፋንድያ ስዝቅ፣ ድርቆሽ ስገለብጥ አደግሁ። በዚያ በመጨረሻው ዓመት ደግሞ «ፈረሱ አንተን ሲያይ ይረበሻል» ብሎ ሜዳው ድረስ እንዳልመጣ ከለከለኝ። ሲሞት ሱቁ ለወንድሜ ሆነ። ስለ ፈረሱ «ለዚያ ይሁን» አለ አሉ። ለዚያ! ስሜን ለመጥራት እንኳ ሰነፈ። ሰው ሁሉ ግን ዕድለኛ ነህ አለኝ።

በውድድሩ ወቅት መዝጊያ ማግስት ወንድሜ መጣ። የመኪናውን ቁልፍ ገበታው ላይ ጣል አድርጎ፣ ሳይቀመጥ፣

«ጋሪ ነጂውን አነጋግሬልሃለሁ። ነገ ጠዋት መጥቶ ይወስደዋል» አለኝ።

«ዳማው ጋሪ ሊጎትት?» አለች እህቴ ሰሃን እያጠበች።

«ምን አለበት? ጋሪ ላይ ሲቆም ቢያንስ ሰው ይወርድበታል።»

«አንተ ደግሞ! አፍህ አያርፍም።» ወደ እኔ ዞረች። «ወንድምዬ፣ ተመስገን በል። አልወደቀ፣ አልተሰበረ፣ አልታመመ። ጠዋት ወጥቶ ማታ በእግሩ የሚገባ ፈረስ አለህ።»

«ተመስገን ለምኑ? በእግሩ ለገባው? በእግሩማ ገባ፤ ከሁሉም ኋላ።»

እህቴ ተመስገን ማለት እንደ መተንፈስ ይቀላታል። እኔ ጉሮሮ ላይ እንደ አጥንት ይሰነቀራል። ወንድሜ መልስ ይጠብቃል። የታየኝ ያ የፈረሱ አስተያየት ነው። አባቴ በቁሙ ያላየኝ ሳያንስ፣ ሞቶም ፈረሴን እየቀማ፣ ሌላ ዓመት እዚያ አጥር ጋ ቆሜ ልመለከት?

«ይውሰደው» አልኩ። አባቴ የሰጠኝ ነገር ያ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሸኘሁት።

ጋሪ ነጂው በጠዋት መጣ፤ ቆብ የደፋ፣ ወፍራም፣ ጨዋታ የሚወድ ሰውዬ ነው። ዳማውን ከጥርሱ እስከ ሰኮናው አገላብጦ አየና «ይሄን የመሰለ ፈረስ! ሙሽራ እኮ ነው!» አለ። ገመዱን አሰረለት። ዳማው ተከተለው። በግቢው በር ወጥቶ፣ በመንገዱ ላይ የሰኮናው ድምፅ እየራቀ ሲሄድ ማየት አልቻልኩም፤ ጋጣው ውስጥ ገባሁ። እጄ የሚያውቀውን ሥራ ያዝኩ፣ የተኛበትን ገለባ በመንሽ ገለበጥኩ። አቧራው ደረቴ ገባ። ሳልኩ፤ ከሆድ ተነሥቶ፣ መሀል ላይ ተደናቅፎ፣ በመጨረሻ እንደ ፉጨት የሚወጣ ሳል ነው።

«ኧረ! ኧረ ሰውዬ! ፈረስህ ሊገድለኝ ነው!»

ሮጬ ወጣሁ። ዳማው ጋሪ ነጂውን በገመዱ እየጎተተ፣ ቆቡን አስጥሎ፣ በሩን ገፍቶ ገባ። በዚያው ቅጽበት እህቴ ከወጥ ቤት ወጣች። እጇ አረፋ ነው። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አባባ...» አለች። ከዚያ እኔን አየችኝና በሩን ያዘች። «አንተ ነህ እንዴ?»

«ማን እንዲሆን ነው?»

«የሳልከው አንተ ነህ?»

ተቀመጠች። ጋሪ ነጂው የወደቀ ቆቡን አነሣ።

«አባባ በመጨረሻ ማፏጨት አቅቶት ነበር» አለች። «ትንፋሽ አልነበረውም። ዳማውን በሳሉ ነበር የሚጠራው። እሱ ከሳለ ፈረሱ ሩጫውን ትቶ ወንበሩ ጋ ይመጣል፣ ካሮቱን ይበላል፣ የጠዋቱ ሥራ አበቃ። ለዳማው ሩጫ የሚያልቀው እዚያ ነው።»

«ዓመቱን ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የአንተ ሳል የእሱ መሆኑን መቼ አወቅሁ? ቤት ውስጥ ስትስል ፊትህን እያየሁ ነው። ዛሬ ሳላይህ ሰማሁት።»

አንድ ጋጣ፣ አንድ ገለባ፣ አንድ አቧራ። ሱቁን ለወንድሜ ሰጥቶ ለእኔ ያወረሰኝ ይህን ሳል ኖሯል። መታጠፊያው ላይ እጅጌዬን አፌ ላይ አድርጌ የቆምኩባቸው ቀኖች ተራ በተራ መጡብኝ። ዳማው አልተሸነፈም። ተጠራ፤ መጣ። የጠራሁት እኔ ነኝ።

«ታዲያ ልውሰደው አልውሰደው?» አለ ጋሪ ነጂው ቆቡን እያራገፈ። «ጋሪዬ ያለ ፈረስ ቆሟል።»

«አይሄድም።»

«ወንድምህ እኮ ቃል ገብቶልኛል።»

«እንግዲያው ወንድሜ ይጎትትልህ።»

እህቴ በአረፋ እጇ አፏን ያዘች። ጋሪ ነጂው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ገመዱን እየጠቀለለ ወጣ።

ዳማው አፍንጫውን ደረቴ ላይ አሳረፈ፤ ሳሉ የሚወጣበትን ቦታ ፈልጎ ያገኘ ይመስል ነበር። ሰው ሁሉ በመልክም በጠባይም ከአባትህ ምንም አልወረስክም ሲለኝ ኖሯል። ይህ እንስሳ ግን ሊያሸንፍ የሚችለውን ሁሉ ጥሎ፣ ጅራፍ እየበላ፣ እሱ ነህ ብሎ ወደ እኔ መጣ። ተመስገን አልኩ። እህቴ እንዳትሰማኝ ቀስ ብዬ ነው ያልኩት፤ ብትሰማ ዕድሜ ልኳን ትነግረኛለች። አንገቱን አቀፍኩ።

ቀና ስል ግን አላየኝም። ዓይኑ በትከሻዬ በኩል አልፎ፣ ዝቅ ብሎ፣ ጋጣው ደጃፍ የቀረው የአባቴ ባዶ ወንበር ላይ ነበር።

ለሚመጣው ዓመት ተዘጋጅተናል። እህቴ ብልሃቱን አግኝታለች። «ከመጨረሻው መስመር ማዶ ቆመህ ሳል» ትለኛለች፣ በራሷ ቀልድ እየሳቀች። እኔም እሽ ብያለሁ። በየዕለቱ ሜዳው ላይ እንለማመዳለን፤ አንዳንዴ እኔ ጋ ይመጣል፣ አንዳንዴ ያንን አጥር አይቶ ያመነታል። አልቆጣውም። ከማንም በፊት ባይገባም ወደ ቤት አብረን እንገባለን።

ትናንት ምሳ ላይ ነበርን። ምግብ አፌ ውስጥ ነበር፤ አልሳልኩም፣ ድምፅም አላሰማሁም። ዳማው ጋጣው ውስጥ ሆኖ ሲጠሩት ብቻ የሚያሰማትን ያቺን ዝቅ ያለች ማሽካካት አሰማ። ከዚያ የሰኮናው ድምፅ መጣ፤ ወደ ደጃፉ፣ ወደ ወንበሩ ወገን።

እህቴ እጇ ገበታው ላይ ደርቆ ቀረ። ቀና ብላ አየችኝ።

«የሳልከው አንተ ነህ?» አለችኝ።

የጎረስኩትን ዋጥኩ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።