ቀስ ብሎ የሚወርደው ክዳን

አባቷ የሽቶ ሣጥን ሠሪ ነበሩ። ሽቶ እንደ ሳሙና በስስ ካርቶን መሸጥ ሳይጀምር በፊት፣ ውስጡ ሐር የለበሰው የእሳቸው ሣጥን ከጠርሙሱ ይበልጥ ይወደድ ነበር፤ ሽቶው አልቆ እንኳ ማን ጨክኖ ይጥለዋል! አሁን ግን ስትሮክ መትቷቸው አልጋ ላይ ናቸው። አይናገሩም፤ ሰው ሲገባ ሲወጣም ዞር ብለው አያዩም።

ወንድሟ ቁርጡን ነገራት። «አባባ የሉም እኮ። ትንፋሻቸው ነው የቀረው። ሥራ ቤቱን እንዝጋውና አንቺም እረፊ።»

እሷም በልቧ የምትፈራው ይህንኑ ነበር፤ ደፍራ አላወጣችውም እንጂ።

ሄዳ አባቷ በጉብዝናቸው ዘመን የሠሩትን ሣጥን አመጣች። አልጋው ላይ አስቀምጣ ሣጥኑን እስከ ታች የሚሸፍነውን ክዳን እስከ ሣጥኑ አፍ ከፍ አድርጋ ለቀቀችው። ክዳኑ አልወደቀም። ውስጥ ያለው አየር መውጫ እስኪያገኝ ተሸክሞት፣ ማንም ሳይነካው ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ወርዶ ያለ ኮሽታ ተቀመጠ። በዚህ ሥራ ያደገች ሴት፣ ስንቴ ያየችው ነገር፣ ዛሬም ሰውነቷን ውርር አደረጋት። በወረቀትና በማጣበቂያ ይህን የሠራ እጅ ምን ዓይነት እጅ ነው?

ወንድሟ እንኳ «እስቲ ድገሚው» አለ። ደገመችው። አባትየው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

«አየሽ?» አላት ቀስ ብሎ።

ተስፋ ሳትቆርጥ የራሷን ሣጥን አወጣች። ስንት የደከመችበት፣ ሐሩ ሽብሽብ የሌለበት፣ ማዕዘኑ የሚያምር ሣጥን ነው። ክዳኑን ለቀቀችው። ጧ ብሎ ወደቀ።

የአባቷ ፊት ተጨማደደ። መጀመሪያ ያመማቸው መስሏት ደነገጠች። ዐይናቸው ግን ከጣሪያው ወርዶ ሣጥኑ ላይ አርፏል። ደህናው እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ እየተሳበ መጥቶ ሣጥኑን ነካው፤ ገፋ ገፋ አድርጎም ወለሉ ላይ ጣለው። ጤነኛ ሳሉ የተበላሸ ሥራ የሚያሰናብቱት እንዲህ ነበር። በዚህ አመላቸው ያላለቀሰ ሠራተኛ የለም፣ እሷን ጨምሮ።

ዛሬም አለቀሰች፤ እየሳቀች። «ክዳኑ ሰፋብኝ አይደል አባባ?»

አባባ ዐይናቸውን ከእሷ ላይ አልነቀሉም።

ወንድሟ ጎንበስ ብሎ ሣጥኑን አነሣና ሰጣት። «ሂጂ አስተካክይው» አላት፣ «እየጠበቁሽ ነው።»