የሊቀመንበሩ ጆንያ

ከማለዲን ጡረታ የወጣ የባስ ሾፌር ነው። ለንደን፣ ስቶክዌል ሰፈር፣ በር ለበር ከሚጎራበታቸው ከጋሽ ዐብዱ ጋር ጁምዓ ጁምዓ መስጊድ ሲሄድ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ታዲያ አንድ ነገር በሆዱ ይዟል። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ጋሽ ዐብዱን እንዲገድል ከኅቡዕ ድርጅቱ ታዞ ነበር።

ጋሽ ዐብዱ ያኔ አብነት ሰፈር የቀበሌ ሊቀመንበር ነበሩ። በኋላ እሳቸውንም የገዛ መንግሥታቸው አሰራቸው፤ ተፈቱ፣ ተሰደዱ፣ ካውንስሉ ደግሞ ሌላ ቤት ያጣ ይመስል ከማለዲን ፊት ለፊት አስቀመጣቸው።

አሁን ልጃቸው ሰቢሃ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሃርልስደን፣ ቤቷ ልትወስዳቸው ነው፤ ቅዳሜ ይሄዳሉ። ከማለዲን ሳይነግራቸው ከሄዱ ዕድሜ ልኩን ሊቆጨው፣ ከነገራቸው ደግሞ ያለውን አንድ ወዳጅ ሊያጣ ነው።

እንዲህ ሲያመነታ፣ የታችኛው ፎቅ ፖላንዳዊት ሃሊና ሁለቱንም ባተርሲ ሰፈር ፊልም ጋበዘቻቸው። ሻይና ኬክ በነጻ ነው ስላለች፣ ጋሽ ዐብዱ ስለ ፊልሙ አንድም ነገር አልጠየቁም። በመንገዳቸው አንድ ጆንያ ሩዝ ገዙና ለማንም አላስይዝም ብለው ራሳቸው አቅፈውት ገቡ።

ፊልሙ የድሮ ነው፣ ጥቁርና ነጭ። በፖላንድ ቋንቋ ይወራል፣ ከታች እንግሊዝኛ ይጻፋል። ጋሽ ዐብዱ መነጽራቸውን ረስተዋል።

"በል አንብብልኝ" አሉት።

ታሪኩ ጦርነቱ ካበቃ በኋላም መሣሪያ ስላልፈቱ አርበኞች ነው። አለቃው አንዱን ጎረምሳ ጠርቶ ሽጉጥ ሰጠው።

"ምን አለው?"

ከማለዲን ጉሮሮውን ጠረገ። "የከተማውን ሊቀመንበር ሄደህ አነጋግረው አለው።"

"በሽጉጥ?"

"ጉዳዩ ከበድ ያለ ነው።"

ከፊት የተቀመጠች ሴት ዞራ አፈጠጠችባቸው። ጋሽ ዐብዱ ሰላምታ መስሏቸው እጅ ነሷት።

ጎረምሳው ሊቀመንበሩን በየጥጉ እየተደበቀ ይከተላል።

"ምን ዓይነት ደንቆሮ ሊቀመንበር ነው?" አሉ ጋሽ ዐብዱ። "እኔን ቢሆን ገና ከሩቁ ነበር የማውቀው።"

ከማለዲን ኬኩን አስቀመጠ።

"አላወቁም እኮ፣ ጋሼ።"

"ምኑን?"

"ሦስት ቀን ተከትዬዎታለሁ። ግደል ተብዬ። በሦስተኛው ቀን የቀበሌው ሱቅ በር ላይ ብቻዎን አገኘሁዎትና እጄን ወደ ሽጉጡ ስሰድ፣ 'አንተ ጎረምሳ፣ ሥራ ፈትተህ ከምትገተር ና ይቺን ያዝ' ብለው የጤፍ ጆንያ ጫኑብኝ። እማማ አልታየሽ የሚባሉ አሮጊት ቤት ድረስ፣ ያንን ዳገት። ሁለቱም እጄ ተይዞ፣ ሽጉጡ ወደ ሱሪዬ እየወረደ።"

ጋሽ ዐብዱ ሩዛቸውን ጠበቅ አድርገው አቀፉ።

"ስንደርስ እማማ አልታየሽ ሁለታችንን አንድ ላይ መረቁን። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልተኩስ?"

ፊልሙ ውስጥ ተኩስ ተሰማ። ጋሽ ዐብዱ ቀና ብለው እንኳ አላዩም።

"ያ ልጅ አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ጤፉን መንገድ ለመንገድ እያንጠባጠብክ ሄድክ። ሰፈሩ ሊቀመንበሩ ሰረቀ ብሎ ስንት ወር አማኝ።"

"እኔ እኮ ስለ ሞት ነው የማወራው፣ ጋሼ።"

"እኔ ስለ ጤፉ ነው።"

ከዚያ በኋላ አንብብልኝም አላሉትም። መብራት ሲበራ ሃሊና ዓይኗን እየጠረገች ፊልሙ እንዴት ነበር አለቻቸው። ጋሽ ዐብዱ ኬኩን አመሰገኑና ወጡ።

ባስ ፌርማታው ላይ ጋሽ ዐብዱ ባሱ የሚመጣበትን አቅጣጫ ብቻ ያዩ ጀመር። ከማለዲን ጫማ ጫማውን እያየ ቆመ፤ አበቃ፣ አጣኋቸው አለ በልቡ። ባሱ ሲመጣ ጋሽ ዐብዱ ሩዙን እጁ ላይ ዘፍ አደረጉት።

"ያዝ። እንዳታንጠባጥብ ደግሞ። ቅዳሜም ዕቃዬን የምታወርደው አንተ ነህ።"

ሁለቱም እጁ ስለተያዘ የባስ ካርዱን ማውጣት አቃተው። ጋሽ ዐብዱ እጃቸውን ኪሱ ውስጥ ሊከቱ ሲሉ ቆም አሉ።

"ካርድ ብቻ ነው ያለው አይደል?"

"ካርድ ብቻ ነው፣ ጋሼ።"

ካርዱን አወጡና ማሽኑ ላይ አስነኩለት።