ጨው ብቻውን አልሄደም

በ1978 መንደር ምስረታ የሚሉት መጣና ከምንጫችን ነቅለው ሰርቦ አጠገብ ካለ ተረተር ላይ በሰልፍ አሰፈሩን። የመንደሩን ጉድጓድ የቆፈርኩት እኔ ሸምሰዲን ነኝ፤ ሥራዬ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ቆፍሬአለሁ። ውሃ ሲገኝ ካድሬው ጓድ ሽበሺ መጣና ሽንት ቤቶቹን ከጉድጓዱ በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ በገመድ እየለካ አስቆፈረ። ለምን? መስመሩ እንዲያምር!

«ጓድ፣ ይህ ውሃ እኮ በርሜል ውስጥ የተቀመጠ አይደለም» አልኩት። «ዳገቱ ላይ የዘነበው ዝናብ ነው። አፈሩ ይጠጣዋል፣ በአሸዋው መሃል ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ከሥር ጭንጫው ሲያግደው እዚህ ይጠራቀማል። እዚያ ያፈሰሱትን እዚህ ይጠጡታል።»

«አንተ ሽማግሌ፣ ሳይንስ ልታስተምረኝ ነው? የጉድጓድ ውሃ ከዓለት ነው የሚፈልቀው!» አለኝ፣ ከጅማ በኮዳ ያመጣውን ውሃ እየጠጣ።

ክረምቱ ሲገባ የልጅ ልጄ ለጢፋ በተቅማጥ ወደቀች። እናቷ፣ ልጄ ሐጂራ፣ ከጉድጓዱ እየቀዳች ባጠጣቻት ቁጥር ይብስባታል። ወደ ድሮው ምንጭ እንዳንወርድ ደግሞ ክልክል ነው፤ ወደ ቀድሞ ቀዬው የተመለሰ ይታሰራል።

ለከብቶቼ ያስቀመጥኩትን ግማሽ ኩንታል ጨው ተሸክሜ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ላይኛው ሽንት ቤት ውስጥ ዘረገፍኩት። አበደ አሉ። በስምንተኛው ቀን ሐጂራ ከጉድጓዱ ቀምሳ ተፋችው። «ወላሂ ጨው ጨው ይላል!»

ሽበሺን ቅመስ ቢሉት እምቢ አለ። ይልቅ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ በማግስቱ መንደሩን ሰበሰበና ክሴን አነበበ፦ «ፀረ ሕዝብ ሸምሰዲን ሽንት ቤት ውስጥ ጨው በመጨመር የሕዝቡን የመጠጥ ውሃ በክሏል!»

ሐጂራ ለጢፋን እንዳዘለች ተነሳች። «ማሎ ጓድ፣ እባክዎ፣ እሷን ቦታ ይድገሟት እስቲ። ጨው ከሽንት ቤቱ ወደ ጉድጓዱ ሄደ ነው ያሉት? ታዲያ ጨው ብቻውን ነው የሄደው?»

ሽበሺ ወረቀቱን አጠፈ። አንዲት ሴት እንስራዋን አምጥታ እግሩ ሥር ደፋችው፤ ሌላዋም ተከተለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሴቶቹ ወደ ምንጩ ወረዱ፣ የሚከለክላቸውም ጠፋ።

እኔን ሦስት ወር አሰሩኝ። ስፈታ ለጢፋ እየሮጠች ተቀበለችኝ፤ አልሐምዱሊላህ። መዝገቡ ላይ ግን እስከ ዛሬ ውሃ የበከልኩት እኔ ነኝ፤ የሽበሺ ስም ከታች ያለው ለፊርማ ብቻ ነው።