የክሳቨር ክዳን

አፍራ ሐሙስ ከሰዓት ወደ መጠጥ ቤቱ ስትገባ ኮርቢኒያን ገና ካፖርቱን አላወለቀም ነበር። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። ግድግዳው ላይ ወዳለው ባለ ፍርግርግ ቁምሳጥን በቀጥታ ሄደችና ለመጠጥ ቤቱ ባለቤት ለሴንታ፣ «የባሌን ዋንጫ አውጪልኝ፤ ወደ ቤት እወስደዋለሁ» አለቻት።

ቁምሳጥኑ ውስጥ ሐሙስ ሐሙስ የማዕዘኑን ጠረጴዛ የሚይዙት ደንበኞች ባለክዳን የሸክላ ቢራ ዋንጫዎች ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ ሳጥን፣ የራሱ ቁልፍ አለው። ከዚያ ወጥቶ ወደ ቤት የሚሄደው የሞተ ሰው ዋንጫ ብቻ ነው። ባሏ ክሳቨር ደግሞ አልሞተም። ቤቱ ሆኖ ጫማውን እየፈለገ ነበር፤ ጫማው እግሩ ላይ ነው።

«ምን ሆንሽ ደግሞ ዛሬ?» አላት የባሏ የመጠጥ ጓደኛ ኮርቢኒያን።

«ባለፈው ሳምንት ምን አድርጋችሁ እንደላካችሁልኝ አላየህም? ሰክሮ፣ ተሸክሜ ነው ደረጃውን ያወጣሁት። ክዳኑን መዝጋት ረስቷል። እናንተም እያያችሁ ዝም።»

ልክ ነበረች። በዚያ ቤት ክዳኑ ተከፍቶ የተቀመጠ ዋንጫ «ጨምሪልኝ» ማለት ነው፤ የተዘጋ «በቃኝ»። ሴንታ አትጠይቅም፤ ክፍት ካየች ትቀዳለች፤ እናቷም እንደዚያው ነበረች። ክሳቨር ከዓመት ወዲህ መርሳት ጀምሯል፤ መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ መንገድ፣ አሁን ደግሞ ክዳን።

«አንድ ቀን ዘልዬው ባልፍ ጠረጴዛውን ደበደበው» አለች ሴንታ። «‹ለእኔ ሲሆን ነው በርሜሉ የሚያልቀው?› አለኝ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እንዴት ብዬ ልከልክለው?»

ኮርቢኒያን ፈራ። በቤቱ ሁለት ክፍል ሙሉ የጥንት ዋንጫ አለው፤ የሚያናግረው ሰው ግን የለውም። ያለ ክሳቨር ሐሙስ ምን ሊሆን ነው?

«ተዪው እባክሽ» አላት። «ክዳኑን እኔ እዘጋዋለሁ።»

«አንተ? አርባ ዓመት ስታጠጣው የኖርከው?»

«እኔው ነኝ።»

«እሺ፣ እናያለን። አንዴ ሰክሮ ቢመጣ ግን ዋንጫውም እሱም ከቤቴ አይወጡም።»

ያን ዕለት ክሳቨርን ራሷ አምጥታው ሄደች። ሁለተኛውን ሲጨርስ ኮርቢኒያን አውራ ጣቱን ወደ ክዳኑ ሰደድ አደረገ። የሰው ክዳን መንካት በዚያ ጠረጴዛ የሰው ሚስት እንደ መንካት ነው።

«እጅህን ሰብስብ» አለ ክሳቨር። «የራስህ የለህም?»

ኮርቢኒያን እጁን ሰበሰበ። ሴንታ ከወዲያ ጫፍ ዋንጫዎቹን እያየች እየመጣች ነው። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣለት፤ አልወደደውም።

የኮርቢኒያን በሽታ የክዳን ታሪክ ማውራት ነበር። ገና ሲጀምር ክሳቨር «ዝንቦቹ መጡ!» ብሎ ክዳኑን ቷ! አድርጎ ይዘጋል፣ ጠረጴዛው በሳቅ ይፈርሳል፣ ወሬውም እዚያው ይቀራል። እንዲህ ሲቀለድበት ዕድሜው አለፈ። በመጨረሻ ልቡ ቆስሎ ዳግመኛ ላያወራው ማለ። እነሆ አሁን መሐላውን ሊያፈርስ ነው።

«ከአምስት መቶ ዓመት በፊት» ብሎ ጀመረ፣ «በየከተማው ወረርሽኝ ሲገባ...»

የክሳቨር እጅ ተነሣ። «ዝንቦቹ መጡ!» ቷ! ሴንታም አለፈችው።

ክረምቱን በሙሉ እንዲህ ከረሙ። ሐሙስ በመጣ ቁጥር፣ ሁለተኛው ዋንጫ ሲያልቅ፣ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት። ከጠረጴዛው ሰዎች አንዱ፣ ነጋዴው ቬንዴሊን፣ ከቢራው ጋር በሚበላው የራዲሽ ሥር ላይ ጨው እየነሰነሰ፣ «ደህና ተገናኝታችኋል፤ አንዱ ይረሳል፣ አንዱ ይደግማል» ይላል። ኮርቢኒያን የጠረጴዛው መሳቂያ ሆነ። ክሳቨር ግን በእግሩ እየሄደ ቤቱ ይገባ ነበር።

በረዶው ሲቀልጥ አንድ ሐሙስ ኮርቢኒያን እንደ ልማዱ ጀመረ። የክሳቨር እጅ አልተነሣም። ክዳኑ ክፍት ነው። አፍራ ልትወስደው መጥታ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሴንታም ዋንጫ በሁለት እጇ ይዛ እየቀረበች ነው። ኮርቢኒያን ሌላ መላ አልነበረውምና ወሬውን ቀጠለ። ደርሶበት ወደማያውቀው የታሪኩ ክፍል ገባ። በሽታውን የሚያመጣው ዝንብ ነው ተብሎ እንደታመነ፣ መጠጥ ሁሉ ይከደን ተብሎ እንደታወጀ፣ ሰው አንድ እጁ ምንጊዜም ሥራ ስለማያጣ ክዳኑ በአውራ ጣት እንዲከፈት ሆኖ እንደተሠራ አንድ በአንድ ነገረው።

ክሳቨር አገጩን በእጁ ደግፎ ይሰማል። የቀለደ የለም፤ ቬንዴሊንም ማኘኩን አቁሟል።

«በአውራ ጣት?» አለ ክሳቨር። የገዛ ዋንጫውን አገላብጦ አየ። «ብልሆች ነበሩ።» ከዚያ ውስጡን አጮልቆ ተመለከተና ክዳኑን በዝግታ፣ ድምፅ ሳያሰማ ገጠመው። «ዝንብ ይገባበታል» አለ፣ ከልቡ።

ሴንታ የያዘችውን ቢራ ለሌላ ሰጠች። አፍራ መጥታ ካፖርቱን አለበሰችው። ክሳቨር ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ ሁሉም በሚሰማው ሹክሹክታ፣ «ይህ ሰውዬ ብዙ ያውቃል። ማነው?» አላት።

አፍራ ኮርቢኒያንን ቀና ብላ ማየት አቃታት። እሱ ግን ተነሥቶ ለክሳቨር እጁን ዘረጋ።

«ኮርቢኒያን እባላለሁ» አለ። «ሐሙስ ሐሙስ እዚሁ ነኝ።»

«እንግዲያው እመጣለሁ» አለ ክሳቨር እጁን እየጨበጠ። «የቀረውን ይነግሩኛል።»

«ይምጡ» አለ ኮርቢኒያን።

ሴንታ የክሳቨርን ዋንጫ አለቅልቃ ስታቀብላት፣ አፍራ ቁምሳጥኑ ውስጥ ባለው ሳጥኑ አስቀመጠችውና ቆለፈችበት።