አቶ ድገም ውሻ ሲፈትኑ

ከተማው ውስጥ መኪና የሚነዳ ሰው ሁሉ አቶ ድገምን ያውቃቸዋል። ትክክለኛ ስማቸው ሌላ ነው። መንጃ ፈቃድ ሲፈትኑ በኖሩባቸው ሃያ ስድስት ዓመታት ከአፋቸው አብዝቶ የወጣው ቃል «ድገም» ስለሆነ ሕዝቡ ስሙን አወጣላቸው። እሳቸውም አልተቀየሙም። ቢቀየሙም ከፊታቸው ማወቅ አይቻልም።

ሰሞኑን ቤታቸው ሰላም አልነበረውም። ሽማግሌው ውሻቸው ሻምበል እህል ከቀመሰ ዘጠኝ ቀኑ ነው። አሥር ዓመት ከጎኑ የተኛችው ሴቷ ውሻ ቡቼ ከሞተች ወዲህ ሳህን ሲቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሥጋ ተሞከረ፤ መረቅ ተሞከረ። ባለቤታቸው በእጃቸው ሊያበሉት ሲታገሉ ላለማስቀየም ያህል ተቀብሎ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው። የእንስሳት ሐኪሙ አገላብጦ አየውና «በሽታ የለበትም፤ ብቸኝነት ነው። ጓደኛ ፈልጉለት፤ እንዲህ ሆኖ ብዙ ቀን አይቆይም» አለ።

የቤቱ ድመት እመቤት ግን ሻምበል የተወውን እየበላች ወፍራለች። ሐዘኑ የተስማማት እሷ ብቻ ነበረች።

ቅዳሜ ጧት ባለቤታቸው የመኪናውን ቁልፍና የሻምበልን ምሳ በሳህን አቀበሏቸው።

«ሂድና ውሻ አምጣ። ሻምበልንም ይዘኸው ሂድ፤ እሱ ይየው። ምሳውን ደግሞ ያዝለት፤ ምን ይታወቃል።»

«መስፈርት ያስፈልጋል» አሉ አቶ ድገም፤ ከደረት ኪሳቸውም ቢሮ ያስተየቡትን ቅጽ አወጡ።

ቅጹ ሃያ ነጥቦች አሉት፤ ማለፊያው ሰማንያ ከመቶ ነው። ድመት ሲያይ የሚያሳየው ጠባይ። ለአዛውንት ያለው ትሕትና። ሲጠራ የመምጣት ፍጥነት። ከግርጌ በደማቁ «ወዲያው የሚጥሉ ጥፋቶች» ይላል፦ መንከስ፣ መስረቅ፣ ሰው ላይ መሽናት።

ባለቤታቸው እስከ መጨረሻው አንብበው መለሱላቸው። «በዚህ ፈትኜህ ቢሆን ኖሮ አላገባህም ነበር።»

«ምኑ ላይ ነው የምወድቀው?»

«ሲጠራ የመምጣት ፍጥነት ላይ።»

የባዘኑ ውሾች ማቆያው ከከተማው ዳር፣ በቆርቆሮ አጥር ውስጥ ነው። ቦቲ ጫማ ያደረገችው ጠባቂ በሩን ከፍታ ስታያቸው ባለችበት ቀረች።

«ጋሼ፣ አወቁኝ?»

አዩአት። «ሦስት ጊዜ።»

«አራት። በአራተኛው ስፖኪዮ አላየሽም ብለው ጣሉኝ።»

«አላየሽማ።»

«አላየሁም» አለች ሳትከራከር። «ይኸው በእግሬ እመላለሳለሁ። ይግቡ።»

ውሾች እንዴት እንደሚተዋወቁም አስረዳቻቸው፤ ገመዱ ላላ ይላል፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ይራመዳሉ፣ ሰውየው ደግሞ ትንሽ ያወራል፤ ዝም ያለ ሰው ያስፈራቸዋል። አቶ ድገም ፈታኝ ለተፈታኝ ፍንጭ አይሰጥም ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። ግቢው መሐል ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሻምበልን ከእግራቸው ሥር አስተኙት፤ ሳህኑን አፍንጫው ሥር አኖሩለት። ከዚያ ብዕራቸውን ከፍተው ዝም አሉ።

መጀመሪያ የመጣችው ቁመናዋ ያማረ ጥቁር ውሻ ነበረች። አቶ ድገም አዩአት። ያንን ዓይን አይቶ ፍሪሲዮን የትኛው ፔዳል እንደሆነ የጠፋው ተፈታኝ ጎልማሳ ብዙ ነው። ውሻዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠችና ጫማቸው ላይ ሸናች።

«ጫማ ሰው ነው እንዴ?» አለች ጠባቂዋ።

«እግር ከገባበት ሰው ነው። ሌላ አምጪ።»

ሁለተኛው ሲጠሩት መጣ፣ ተቀመጠ፣ የሻምበልን ጆሮ በአክብሮት አሸተተ። ሻምበል ቀና ብሎም አላየው። አቶ ድገም ደመሩ፤ «ሰባ ስምንት።»

«ኧረ ጋሼ! ምን አጠፋ?»

«ሲገባ ግራና ቀኝ አላየም።»

«ውሻ እኮ ነው!»

«መንገድ አያቋርጥም?»

አምስት ውሾች ወደቁ። ፀሐዩ ከረረ። አቶ ድገም ወደ እግራቸው ሥር ሲያዩ የሻምበል ጎድን አንድ በአንድ ይቆጠራል። ክፉ ውሻ ቢያስገቡበት በዚህ አቅሙ እንደማይችለው ያውቃሉ፤ ባዶ እጃቸውን ቢመለሱም እንደማይተርፍላቸው ያውቃሉ። ቅጹን ያስጻፋቸው ይኸው ፍርሃት ነበር፤ ፍርሃት የሚሞላበት ቦታ ግን ቅጹ ላይ አልነበረም።

«አንድ ቀርቷል» አለች ጠባቂዋ። «እሱን ግን ተዉት፤ አያልፍም።»

«አያልፍም የምለው እኔ ነኝ። አምጪው።»

እግረ አጭር፣ አንድ ጆሮው የተበላ፣ መልኩ ይህ ነው የማይባል ውሻ ወጣ። ወንበር አላየም፤ ፈታኝ አላየም። ቀጥ ብሎ መጥቶ አፉን የሻምበል ሳህን ውስጥ ከተተ።

አቶ ድገም ብዕራቸውን አነሱ።

ያኔ ሻምበል ቀና አለ። ሳህኑን አየ፤ ሌባውን አየ። ከሆዱ ሥር ጉርምርምታ ወጣ። የኋላ እግሮቹ እየተብረከረኩ ተነሣ፤ ሌባውን በትከሻው ገፋና አፉን ሳህኑ ውስጥ ሰደደ። ሌባው አልሸሸም፤ አልተናከሰም፤ ትንሽ ጠጋ ብሎ በተረፈለት በኩል ቀጠለ። ጉንጭ ለጉንጭ እየተገፋፉ በሉ። ሻምበል እየዋጠ ያጉረመርማል፤ እያጉረመረመ ይውጣል። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ጠርዙን ላሰ።

«ወደቀ፣ አይደል?» አለች ጠባቂዋ ቀስ ብላ።

«ወድቋል» አሉ አቶ ድገም።

«ልመልሰው?»

«አትመልሺው።» መነጽራቸውን አውልቀው ረዘም ላለ ጊዜ ወለወሉ። «ግቢሽ አቧራ ነው።»

«አቧራ ነው» አለች፣ ጧት ውኃ የረጨችውን እርጥብ መሬት እያየች።

መኪናው ውስጥ ገብተው፣ ሞተር ሳያስነሱ፣ ቤት ደወሉ።

«አገኘህ?» አሉ ባለቤታቸው።

«ሌባ ነው።»

«ማን?»

«ያገኘሁት።»

«ያ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው?»

«ሻምበል ነው። ከኋላ ወንበር ላይ እየተሳደበ ነው።»

«በላ?»

«በላ።»

ከዚያ በስልኩ የተሰማው ቁም ሳጥን ሲከፈትና ድስት ሲንኳኳ ብቻ ነበር።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ራታቸውን ነዋ! ለሁለት ላድርገው?»

አቶ ድገም በመስታወቱ ወደ ኋላ አዩ። ሌባው የመቀመጫውን ልብስ እያኘከ ነበር።

«ለሦስት አድርጊው» አሉ። «የእመቤትንም መብላቱ አይቀርም።»